ጢም አልባ ድቅል አይሪስን በመሐል አዲስ አበባ መትከልና ማሳደግ

አይሪስ የተባለውን አበባ በግቢያቸው የሚተክሉ የከተማችን ነዋሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቁት ጢማሙን ዓይነት ነው። ይህ ዓይነት ወደ ታች በሚንጠለጠሉት ሦስት የአበባ ቅጠሎቹ መሐል አባጨጓሬ የተኛበት የሚመስል ጸጉር አለው፤ ሥሩም ጀርባው ፀሐይ እንዲያገኝ ከአፈር ወጣ ብሎ ይተከላል። ደረቅና ውሃ የማይቋጥር መሬት ስለሚወድድ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ በሚወርደው ዝናብ ሲበሰብስ ማየት የተለመደ ነው። ጢም አልባው አይሪስ ግን በጸጉሩ ፈንታ ቢጫ ወይም ነጭ ጭረት ብቻ ያለው፣ ቅጠሉ ቀጠን ብሎ የቄጠማ መልክ የሚይዝ፣ ጠባዩም ከጢማሙ ፈጽሞ የተለየ ተክል ነው። ቄጠማ የሚታጨድበትን ረግረግ ያየ ሰው የአብዛኛውን ጢም አልባ አይሪስ ፍላጎት ግማሹን ያውቃል ማለት ይቻላል። የክረምቱ ዝናብ ለዚህ ተክል ወዳጅ ነው፤ የሚጎዳው ከጥቅምት ጀምሮ የሚመጣው የበጋ ድርቀትና በመሐል ከተማ አፈር ውስጥ የተቀበረው ኖራ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በዚህ ሐሳብ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው።

አይሪስ የኢትዮጵያ ተወላጅ አይደለም። የቤተሰቡ አባል የሆነው ግላዲዮለስ በአገራችን ደጋዎች በዱር ይበቅላል፤ አይሪስ የሚባለው ወገን ግን የሰሜኑ የዓለም ክፍል ተክል በመሆኑ ወደ እኛ የሚደርሰው በሰው እጅ ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ከመትከል በፊት የትኛው ዓይነት በ9 ዲግሪ ሰሜን፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ብርዱ ቀዝቃዛ ሌሊት እንጂ በረዶ የጋገረው ወቅት ባልሆነ ከተማ ውስጥ ሊኖር እንደሚችል ማሰብ ያስፈልጋል።

የትኛውን ዓይነት እንምረጥ?

የመጀመሪያ ምርጫዬ ያለ ማመንታት የሉዊዚያና አይሪስ ነው። ይህ ስም በአሜሪካ ደቡብ፣ በተለይም በሚሲሲፒ ወንዝ መጨረሻ ባሉት ረግረጎች አካባቢ ከሚበቅሉ አምስት ዝርያዎች ለተገኙት ድቅሎች ሁሉ የሚሰጥ ነው። ከአምስቱ አንዱ የሆነው ፉልቫ የመዳብ ቅላት ያለው አበባ ያወጣል፤ በአይሪስ ወገን ውስጥ ቀይ ብርቅ በመሆኑ፣ ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት ቀያይ የሉዊዚያና ድቅሎች ቀለማቸውን ያገኙት በዋናነት ከዚህ ዝርያና ከዘመዱ ከኔልሶኒ ነው። እነዚህ ዝርያዎች በየረግረጉ ራሳቸው እየተዳቀሉ ሰውን ሲያሳስቱ ኖረዋል፤ ጆን ስሞል የተባለ የኒውዮርክ ዕፅዋት ተመራማሪ ባለፈው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ላይ በዚያ አካባቢ ያገኛቸውን በርካታ ዓይነቶች እያንዳንዳቸውን እንደ አንድ ራሱን የቻለ ዝርያ አድርጎ ስም ሰጥቷቸው ነበር፤ ኋላ ግን አብዛኞቹ በተፈጥሮ የተገኙ ድቅሎች መሆናቸው ታወቀ። ለእኛ ዋናው ነገር ይህ ወገን ለማበብ በረዶ የማይፈልግ፣ ሙቀቱ ከተስማማው ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይ መሆኑ ነው። ጥቁር ሐምራዊ የሆነው ብላክ ጌምኮክ የተባለው ዓይነት በቀላሉ የሚራባና ለጀማሪ የሚታገሥ ነው።

ሁለተኛው የጃፓን አይሪስ ነው። ኢንሳታ ከሚባለው አንድ የዱር ዝርያ በብዙ ትውልድ ምርጫና እርስ በእርስ ማዳቀል የተገኘ ሲሆን፣ አበባው ጠፍጣፋና ሰፊ፣ አንዳንዱም ከሻይ ሰሃን የሚበልጥ ነው። ከ1773 እስከ 1856 እ.ኤ.አ. የኖረው ማትሱዳይራ ሳዳቶሞ የተባለ የኤዶ (የዛሬዋ ቶኪዮ) ባለሥልጣን ዕድሜውን በዚህ አበባ ላይ ስላሳለፈ ራሱን «የአይሪስ ሽማግሌ» የሚል ትርጉም ባለው ስም ይጠራ ነበር፤ ይህ ተክል ምን ያህል ሰውን እንደሚያስር ከዚህ መገመት ይቻላል። ውሃና ምግብ አብዝቶ ይፈልጋል፤ ኖራን ግን ፈጽሞ አይታገሥም። ከዚህ ከኢንሳታና ቢጫ ከሆነው የአውሮፓ የውሃ ዳር አይሪስ፣ ማለትም ከሱዳኮረስ የተዳቀለው ሱዳታ የሚባለው ወገንም አለ። በዚህ ሥራ ስሙ የሚነሣው ጃፓናዊው ሂሮሺ ሺሚዙ ነው። የሱዳታ አበባ በመሐሉ እንደ ኩል የተቀባ ጠቆር ያለ ዓይን ያለው ሲሆን፣ ጉልበቱን ከቢጫው ወላጁ ስለወረሰ ከንጹሑ የጃፓን አይሪስ ይልቅ ቻይ ነው።

የሳይቤሪያ አይሪስ በሌላው ዓለም ከሁሉ ቀላሉ ነው ይባላል፤ እኔ ግን ለመሐል አዲስ አበባ በመጨረሻ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ይህ ተክል ረጅም የቅዝቃዜ ዕረፍት የለመደ በመሆኑ፣ በእኛ ከተማ ቅጠሉ አምሮ አበባው የሚሰስትበት ዕድል ሰፊ ነው። በእንጦጦ ግርጌ ያለ ቀዝቃዛ ግቢ ካለዎት መሞከር አይከፋም። እግረ መንገዴን ለማንሣት ያህል፣ የክሮሞሶማቸው ቁጥር በእጥፍ የጨመረ ትልልቅ የሳይቤሪያ አይሪሶችን በማስገኘት የሚታወቀው ኩሪየር ማክዩን በሙያው የቁርጥማት ሐኪም ነበር፤ ለዚህ ሥራ የተጠቀመበት ኮልቺሲን የተባለው ንጥረ ነገርም ሐኪሞች ለሪህ ሕመም የሚያዝዙት ያው መድኃኒት ነው።

ስፑሪያ የሚባለው ወገን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ ኖራማ አፈርን የሚታገሥ፣ ካበበ በኋላም ደረቅ ዕረፍት የሚወድድ በመሆኑ ከዚህ በታች ያለው ምክር አብዛኛው አይመለከተውም። ከአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ የመጡት ድንክዬ ድቅሎች ደግሞ ሥራቸው ሲነካ የሚኮርፉ ስለሆኑ ለጀማሪ አልመክራቸውም።

ችግኙ እስኪተከል ድረስ

የአይሪስ ሥር የምንለው በእርግጥ አፈር ውስጥ አግድም የሚሄድ ግንድ ነው፤ ባለሙያዎች ራይዞም ይሉታል፤ ዝንጅብልና እርድ እንደዚሁ ናቸው። መመሳሰሉ ለማስረዳት ይጠቅማል፤ ነገር ግን አደጋም አለው፤ የአይሪስ ራይዞም መርዛማ ነው፤ ከተበላ ሆድን ክፉኛ ያውካል፤ ጭማቂውም የአንዳንድ ሰዎችን ቆዳ ያሳክካል። አንድ ጊዜ ያጠብኩትን ራይዞም በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትቼ ወጥቼ ስመለስ፣ ሊጠይቁን የመጡ አክስቴ «ዝንጅብሉ ምነው ሽታ የለው?» እያሉ በቢላዋ ሲልጡት ደረስኩ። ከዚያ ወዲህ ከባልዲው ውስጥ አውጥቼ ከመሬት ሌላ የትም አላስቀምጠውም።

ከውጭ አገር ለማስመጣት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ከኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን የማስገቢያ ፈቃድ መጠየቅና ከላኪው አገር የዕፅዋት ጤንነት ምስክር ወረቀት እንዲያያዝለት ማድረግ አለበት። በሻንጣ ደብቆ ማምጣት በሕግ ከማስጠየቁም በላይ በሽታ ወደ አገር ማስገባት ነው። አውሮፓና አሜሪካ ያሉ አምራቾች ራይዞሙን ቆፍረው የሚልኩት ብዙውን ጊዜ ከነሐሴ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ በመሆኑ፣ ተክሉ እጃችን የሚገባው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ነው። እዚሁ ከጎረቤት ወይም ከችግኝ ሻጭ የሚገኝ ከሆነ ግን ከሰኔ መጀመሪያ የተሻለ ጊዜ የለም፤ ሦስት ወር ሙሉ ሰማይ ራሱ ያጠጣዋልና።

በመጓጓዝ ላይ ያለው ትልቁ ጥንቃቄ የሥሩ እርጥበት ነው። ጢማሙ አይሪስ በካርቶን ውስጥ ሁለትና ሦስት ሳምንት ደርቆ ቢቆይ ተመልሶ ይነሣል። እኔም ይህን ስለማውቅ የመጀመሪያዎቹን ሰባት ጢም አልባ ራይዞሞች በበረንዳ ጥላ ሥር ለሰባት ቀናት ያህል ትቻቸው ነበር፤ ከሰባቱ አምስቱ እንደ ደረቀ የገመድ ቁራጭ ሆኑ። የጢም አልባው ሥር ሁልጊዜ እርጥብ መሆን አለበት። ጥቅሉ እንደደረሰ ይፈታ፤ ሥሩ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፤ ከዚያም በባልዲ ውሃ ውስጥ አንድ ሌሊት ይደር። በማግስቱ መትከል የማይቻል ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ ወይም ጋዜጣ ጠቅልሎ በቀዝቃዛ ቦታ ማቆየት ይቻላል፤ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ግን መሬት መግባት አለበት።

የቦታና የፀሐይ ጉዳይ

እነዚህ አበቦች በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ካላገኙ ቅጠል ብቻ ሆነው ይቀራሉ። በፒያሳ፣ በካዛንቺስ ወይም በአራት ኪሎ አካባቢ ግቢ ያለው ሰው ችግሩ ዛፍ ሳይሆን የጎረቤት ሕንጻ ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ብዙም ሳትርቅ በስተሰሜን ስላለች፣ በሰኔ ወር የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ዘንበል ትላለች፤ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ በሚገባ ትወርዳለች። 15 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ጂ ፕላስ 4 ሕንጻ በታኅሣሥ ቀትር ላይ ወደ ሰሜን ዘጠኝ ሜትር ተኩል ገደማ የሚደርስ ጥላ ይጥላል፤ በሰኔ ቀትር ግን ጥላው ወደ ደቡብ ዞሮ ከአራት ሜትር አይበልጥም። ስለዚህ በሰኔ ተክለን ፀሐይ ይመታዋል ያልነው፣ ከሕንጻ በስተሰሜን ያለ መደብ ኅዳር ላይ ቀኑን ሙሉ ጨለማ ሊሆን ይችላል። የበጋው ወራት ለሉዊዚያና አይሪስ የአበባው ግንድ የሚዘጋጅበት ጊዜ በመሆኑ ቦታ ከመወሰን በፊት የታኅሣሥን ጥላ ማስታወስ ወይም ማስላት ተገቢ ነው። በተረፈ ከቀትር በኋላ ትንሽ ጥላ ማግኘቱ የሚጠላ አይደለም፤ በከፍታችን ላይ የበጋ ፀሐይ ቀለሙን በተለይም የቀዩንና የጥቁር ሐምራዊውን ቶሎ ያነጣዋል።

አፈሩ

የመሐል ከተማ አፈር ብዙውን ጊዜ አፈር ብቻ አይደለም። የቆየ ግቢ ሲቆፈር የጡብ ስብርባሪ፣ የልስን ፍርፋሪ፣ ሲሚንቶ የተቦካበት ቦታ፣ የጠርሙስ ስባሪ ይወጣል፤ ከእነዚህ ውስጥ ጡቡና ጠርሙሱ እጅ ከመቁረጥ በቀር ጉዳት የላቸውም፤ ልስኑና ሲሚንቶው ግን ኖራ ናቸው። ከሉዊዚያና፣ ከጃፓንና ከሱዳታ ወገኖች ውስጥ ኖራን የሚወድድ የለም፤ ሁሉም ጥቂት ኮምጣጣ የሆነ፣ በኮምጣጣነት መለኪያው በፒኤች ከ5.5 እስከ 6.5 የሚደርስ አፈር ይፈልጋሉ። በቤት ውስጥ የሚደረግ ቀላል ሙከራ አለ፦ ከተለያየ ጥልቀት አንድ አንድ እፍኝ አፈር ወስዶ ማድረቅ፣ በሰሃን ላይ ማድረግ፣ ከዚያም አቼቶ ማፍሰስ ነው። ከቻከቻከና አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፤ ያንን አፈር ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ያህል ጥልቀት ድረስ አውጥቶ በሌላ መተካት ይሻላል። ዝም ካለ ግን አፈሩ ኮምጣጣ ነው ማለት ሳይሆን ፍርፋሪ ኖራ የለበትም ማለት ብቻ ነው።

እኔ በአጥር ጥግ የተከልኳቸው ሁለት የጃፓን አይሪሶች በሁለተኛው ወር አዲስ ቅጠሎቻቸው ቢጫ ሆኑ፤ ቀረብ ብዬ ሳይ ቢጫው ወጥ አልነበረም፤ በቅጠሉ ርዝመት የሚወርዱት ቀጫጭን ጅማቶች አረንጓዴ ሆነው በመሐላቸው ያለው ብቻ ነበር የነጣው፤ ልክ አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጠላ ይመስል ነበር። መደቡን ስቆፍር ከ20 ሴንቲሜትር በታች አጥሩ ሲለሰን ግንበኛው ያቦካበት ነጭ ጭቃ እንደ ድንጋይ ደርቆ ተገኘ። ይህ ምልክት የብረት እጥረት ነው፤ ብረቱ በአፈሩ ውስጥ ቢኖርም ኖራ ባለበት ቦታ ሥሩ ሊወስደው አይችልም። በዚህ ምክንያት የምድጃ አመድና የእንቁላል ቅርፊት በእነዚህ መደቦች ላይ መበተን አይገባም፤ አመድ ለጎመን መደብ ይቆይ።

ቀዩ አፈር፣ በተለይ ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ያለው፣ በባሕርዩ ኮምጠጥ ያለ ስለሆነ ለዚህ ተክል የተመቸ ነው። ጥቁሩ አፈር ውሃ መያዙ መልካም ነው፤ ሲደርቅ መሰንጠቁና ሥሩን መበጠሱ ግን ክፉ ነው። ለሁለቱም መድኃኒቱ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ወይም ፍግ ነው፤ ከተቆፈረው አፈር ጋር አንድ ሦስተኛ ያህል እስኪሆን ድረስ ማደባለቅ አይበዛበትም፤ ትኩስ ፍግ ግን ሥሩን ያቃጥላል። የቡና አተላ አፈርን ያኮመጥጣል የሚባለው የተጋነነ ነው፤ ከተፈላ በኋላ የሚቀረው አተላ ወደ ገለልተኛው የቀረበ ነው፤ ቢጨመር አይጎዳም፤ ከእርሱ ብዙ መጠበቅ ግን አይገባም።

አተካከሉ

መደቡ ከአካባቢው መሬት ከፍ ያለ መሆን የለበትም፤ ለጢም አልባው አይሪስ እንዲያውም እንደ ሰሃን ጎድጎድ ያለ መደብ ይመረጣል፤ በበጋ የምናጠጣው ውሃ ወደ ጎን ሳይፈስ እዚያው ይሰርጋልና። ጉድጓዱን ሥሩ ሳይታጠፍ ሊዘረጋ በሚችልበት ስፋት ቆፍሮ፣ በመሐሉ ትንሽ የአፈር ጉብታ ሠርቶ፣ ራይዞሙን በጉብታው ላይ አስቀምጦ ሥሩን በግራና ቀኝ ማውረድ ነው። የሉዊዚያናው ራይዞም ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲሜትር፣ የሳይቤሪያው ከሦስት እስከ አምስት፣ የጃፓኑና የሱዳታው አምስት ሴንቲሜትር ያህል አፈር ከላያቸው ሊሸፈን ይገባል። ጢማሙን የለመደ እጅ ሁልጊዜ ወደ ላይ አውጥቶ ለመትከል ስለሚፈልግ፣ ከተከሉ በኋላ የራይዞሙ ጀርባ የሚታይ ከሆነ ስህተት መሆኑን ያስታውሱ፤ የሉዊዚያና ራይዞም በተለይ በፀሐይ ይቃጠላል።

ሉዊዚያናው በየዓመቱ በራሱ በኩል ወደ ፊት የሚጓዝ ተክል ስለሆነ፣ ቅጠል ያለው ጫፉ ባዶ ወደሆነው ቦታ እንዲያይ አድርጎ ማስቀመጥና በተክልና በተክል መካከል ከ45 እስከ 60 ሴንቲሜትር መተው ያስፈልጋል። ሲተከል ቅጠሉ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ድረስ ይቆረጥ። አፈሩ በእግር ሳይሆን በእጅ ይጠቅጠቅ፤ ከዚያም ቢያንስ አንድ ባልዲ ውሃ ቀስ ተብሎ ይፍሰስለት። በመጨረሻም የጤፍ ጭድ፣ የቡና ገለባ ወይም ደረቅ ሣር አምስት ሴንቲሜትር ያህል ይጎዝጎዝ። የባሕር ዛፍ ቅጠል በብዛት ስለሚገኝ ለዚህ ሥራ ሲውል አያለሁ፤ ዘይቱ የሌሎች ዕፅዋትን እድገት ስለሚያግድ አልመክረውም።

መሬት የሌለው ሰው ተስፋ አይቁረጥ። ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን አናቱን ቆርጦ፣ ከታች ሦስትና አራት ቀዳዳ አውጥቶ፣ ጥልቀት በሌለው ሳፋ ውስጥ ማቆም ነው፤ ሳፋው ውስጥ ከአምስት ሴንቲሜትር ያልበለጠ ውሃ ይኑር። ሉዊዚያናና ሱዳታ በዚህ ሁኔታ ያለ ቅሬታ ይኖራሉ፤ የጃፓኑ ግን በእድገት ወቅት ብቻ ነው እንዲህ መቆም ያለበት። የሳፋው ውሃ በየሦስት ቀኑ ካልተለወጠ የቢምቢ መራቢያ ይሆናል፤ ኮንዶሚኒየም ላይ ለሚኖር ሰው ይህ የጎረቤት ጠብ ማለት ነው።

በጋውን ማሳለፍ

ዝናቡ መስከረም ላይ ሲቆም ብዙ ሰው ተክሉ ጠንክሯል ብሎ ይዘነጋል፤ ጉዳቱም የሚጀምረው ያኔ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ቀኑ ጥርት ያለ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድ ብርድ፣ አየሩም ደረቅ ነው። በዚህ ወቅት እያንዳንዱ ተክል በሳምንት ሁለት ጊዜ ከአምስት እስከ አሥር ሊትር ውሃ ይፈልጋል። በየቀኑ ላዩን ብቻ ከማርጠብ አልፎ አልፎ ጠልቆ የሚሰርግ ውሃ መስጠት ይሻላል። ጉዝጓዙን ገልጦ ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ መስደድና እርጥበት ከሌለ ማጠጣት ከማንኛውም መርሐ ግብር የተሻለ መመሪያ ነው።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል አይደለም፤ ሰው የሚጠጣው ሳይኖር አበባ ማጠጣትም አይገባም። እኔ የማደርገው ከቆርቆሮ ጣሪያ በአሸንዳ የሚወርደውን የነሐሴ ዝናብ በሁለት በርሜል ማጠራቀም ነው፤ የዝናብ ውሃ ኖራ ስለሌለበት ከቧንቧውም ይበልጣል። ከጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ብዙ ጊዜ ኖራማ ነው፤ ይህንን ለማወቅ የውሃ ማፍያ ማንቆርቆሪያውን ውስጡን ማየት በቂ ነው፤ ነጭ ቅርፊት ከያዘ፣ ያው ውሃ በመደቡም ላይ ያንኑ ይተዋል። አትክልትና እህል የታጠበበት እጣቢ ያለ ሥጋት ይፈስሳል፤ ሳሙና ያለበት ግን አይሆንም።

ምግብን በተመለከተ፣ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በበልጉ ዝናብ መጀመሪያና በሰኔ፣ ከተክሉ ዙሪያ መጨመር ዋናው ነው። ቅጠሉ ከታች ጀምሮ፣ ማለትም አሮጌው መጀመሪያ፣ የሚገረጣ ከሆነ የናይትሮጅን ማነስ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዩሪያ በ10 ሊትር ውሃ አሟሙቶ እርጥብ በሆነ አፈር ላይ ማፍሰስ ያስተካክለዋል። አዲሱ ቅጠል ከገረጣ ግን ከላይ የተናገርኩት የኖራ ችግር ስለሆነ ዩሪያ አይፈታውም። አዲስ ለተተከለ ተክል ሥር እስኪይዝ ድረስ ማዳበሪያ አይሰጥ።

ተባይና በሽታ

እነዚህ ተክሎች ከጢማሙ ይልቅ ለብስባሴ የሚታገሡ ናቸው። በክረምት ቀንድ አውጣ ለጋውን ቅጠልና እንቡጡን ይበላል፤ ማታ በባትሪ እየፈለጉ መልቀም አሰልቺ ቢሆንም ይሠራል። በበጋ ክሽክሽ በቅጠሎቹ መጋጠሚያ ውስጥ ይሰበሰባል፤ ጠንከር ባለ ውሃ ይታጠባል። በቅጠሉ ላይ ስንዴ ላይ እንደሚታየው ያለ የዋግ ብናኝ ከታየ ቅጠሉን ቆርጦ ማቃጠል እንጂ ወደ ኮምፖስት መጣል አይገባም።

መከፋፈልና ከዘር ማሳደግ

የሉዊዚያና ራይዞም አንዴ ካበበ ሁለተኛ አያብብም፤ የሚያብቡት ከጎኑ የወጡት ልጆቹ ናቸው። የጃፓኑ ደግሞ በየዓመቱ አዲሱን ሥር ከአሮጌው በላይ ስለሚያወጣ፣ በሦስተኛው ዓመት ከመሬት ወጥቶ በራሱ ላይ የቆመ ይመስላል፤ ያኔ ካልተነሣ እየመነመነ ይሄዳል። ሉዊዚያናውን በየሁለት ወይም ሦስት ዓመቱ፣ ጃፓኑን በየሦስት ዓመቱ፣ ሳይቤሪያውን እስኪጣበብ ድረስ ትቶ በሰኔ መጀመሪያ ዝናቡ ሲረጋገጥ መከፋፈል ነው፤ በዚያን ጊዜ አበባ ላይ ያለ ተክል ግን እስኪያልፍ ይጠበቅ። በዶማ ሳይሆን በመንሽ ከሥሩ ማንሣት፣ አፈሩን ማጠብ፣ ከዚያም እያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት የቅጠል ጉንጉን እንዲኖረው አድርጎ በቢላዋ መለየት ነው። ጃፓኑን በነበረበት አፈር ላይ መልሶ መትከል አይመከርም፤ ቦታው ሌላ ካልሆነ አፈሩ ይለወጥ።

ድቅል ተክል ከዘሩ ሲበቅል ወላጁን አይመስልም፤ ስለዚህ የወደድነውን አበባ የምናባዛው በመከፋፈል ብቻ ነው። አዲስ ነገር ለማየት የሚጓጓ ሰው ግን ራሱ ሊያዳቅል ይችላል፤ ሥራው የአንድ ጠዋት ነው። ነገ ይፈነዳል የተባለውን እንቡጥ በጣት ፈትቶ፣ የወንዴ ዱቄት የያዙትን ሦስቱን ዘንጎች ገና ሳይከፈቱ በወረንጦ ነቅሎ ማውጣት፤ ከዚያም ከሌላው የተመረጠ አበባ የወሰድነውን ዱቄት ያለው ዘንግ መቀባት ነው። የሚቀባበት ቦታ ላላየው ሰው ይጠፋዋል፤ ከአበባው መሐል ወደ ውጭ የተዘረጉት ሦስት ክንድ መሰል ክፍሎች ጫፋቸው አጠገብ፣ ከበታቻቸው፣ እንደ ሕፃን ከንፈር ብቅ ያለች ቀጭን ጠርዝ አለች፤ ዱቄቱ በዚያች ከንፈር ላይ መቀመጥ አለበት። የሁለቱን ወላጆች ስም በእርሳስ ጽፎ በክር ማሰር እንዳይረሳ፤ በብዕር የተጻፈ በአንድ ዝናብ ይጠፋል። ከተሳካ አበባው ሲጠወልግ ከሥሩ ያለው ክፍል መወፈር ይጀምራል፤ ፍሬው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይበስላል፤ ቡናማ ሆኖ ጫፉ ሊሰነጠቅ ሲል ይለቀማል። የሉዊዚያና ዘር እንደ ቡሽ ወፍራም ልባስ ስላለው ለመብቀል ይዘገያል፤ የጃፓኑና የሳይቤሪያው በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ሆኖ በማቀዝቀዣ፣ በበረዶ ቤቱ ሳይሆን በታችኛው ክፍል፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቢቆይ የተሻለ ይበቅላል። ከዘር እስከ መጀመሪያው አበባ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ነው።

በመከፋፈል የተረፈውን ራይዞም ለጎረቤት መስጠት ወይም በፀሐይ አድርቆ ማቃጠል እንጂ በቀበና ወይም በግንፍሌ ዳር መጣል ፈጽሞ አይገባም። የሱዳታ ወላጅ የሆነው ቢጫው ሱዳኮረስ በሌሎች አገሮች ወንዝ ዳርን የሚወርር አረም ሆኗል፤ ዘሩ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ቁራጭ ራይዞሙም ባረፈበት ጭቃ ይበቅላል። እምቦጭ በጣና ላይ ያደረሰውን የምናውቅ ሰዎች ስለሆንን ይህንን ንጹሑን ቢጫ ዝርያ እኔ በግቢዬ አልተክልም፤ ቢጫ አበባ ለሚፈልግ ሰው ከሉዊዚያና ድቅሎች ውስጥ ጥሩ ጥሩ ቢጫዎች አሉ።